የጥይቷ ዋጋ

አባቴን ቀብረን፣ አርባቸውን አውጥተን፣ ዘመድ አዝማዱ ወደየቤቱ ሄዶ ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ ሣጥናቸውን ከፈትነው። ቤቴል ባለው ቤታችን፣ ከመኝታቸው ሥር ለብዙ ዓመት የኖረ የእንጨት ሣጥን ነው። ቁልፉ ከአንገታቸው ስለማይለይ በውስጡ ምን እንዳለ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የቤቱን ካርታ አገኘን። የጡረታ ደብተራቸውን አገኘን። የአርባ ምናምን ዓመት የእድር መዋጮ ደረሰኝ በላስቲክ ታስሮ አገኘን። ከሁሉም በታች በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር ነበር። ለቀብሩ ከአሜሪካ የመጣው ታናሽ ወንድሜ ቋጠሮውን ፈታና ጊንጥ እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። ጥይት ናት። አንዲት የሽጉጥ ጥይት።

«ሽጉጡስ የታለ?» አልኳት እናቴን።

«ሽጉጥ የለም» አለች። «የአያትህ ሽጉጥ ነበረ፤ በአሰሳው ጊዜ አባትህ ወስዶ አስረከበ። እሷ ብቻ ቀረች። ነገሩን ነገ አጫውታችኋለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል።»

እንግዲህ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተነሥቼ መብራት አበራሁና ጥይቷን መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። የትንሽ ልጅ ጣት ታህላለች። ርዝመቷ ሁለት ሣንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ክብደቷም 8 ግራም አትሞላም። ሂዳ የምትገድለው አረሯ ብቻዋን ደግሞ 5 ግራም አትደርስም። ቂጧ ላይ 7.65 የሚል ቁጥር ታትሟል። የቀረው ቀለህ፣ ባሩድ፣ ቀለሁ ሥር የተሰካችው እሳት ጫሪ፣ ይኸው ነው። ከሽሮ ማንኪያ የቀለለች ነገር አንድ ሰው የሚያህል ፍጥረት ታቆማለች።

ስለዚች ጥይት ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ያወጣት ጆን ብራውኒንግ የሚባል አሜሪካዊ የመሣሪያ ሠሪ ነው። ሠርቶ ለገበያ ያቀረባት ግን ሄርስታል ላይ ያለው የቤልጅግ ፋብሪካ ነበር፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1899 ገደማ። ከዚያ በፊት ብዙው ሽጉጥ በወገብ የሚንጠለጠል፣ ከሩቅ የሚታይ ከባድ ዕቃ ነበር። በዚች ጥይት ልክ የተሠራው ሽጉጥ ግን ኮት ኪስ ውስጥ ገባ። ቀላል ለውጥ ይመስላል፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1909 ኮሪያዊው አን ጁንግ ጉን የጃፓኑን ኢቶ ሂሮቡሚን ሐርቢን ባቡር ጣቢያ ላይ የገደለው በብራውኒንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳራዬቮ ላይ የ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽና ባለቤታቸውን ገድሎ ዓለምን ለጦርነት የዳረገው ከዚያው ፋብሪካ በወጣ ሽጉጥ፣ የዚች ጥይት እህት በሆነች በትንሽ ወፈር ባለች ጥይት ነው። ሂትለርም በ1945 ራሱን ያጠፋበት ሽጉጥ ይችኑ 7.65 ጎራሽ ነበር። ትንሽ ናት ብሎ የናቃት ቢኖር ተሳስቷል።

በእኛ አገር ጠብመንጃና ሽጉጥ አንድ ዓይነት ክብር የላቸውም። ጠብመንጃ በትከሻ ይያዛል፤ ይፎከርበታል፤ ባለቤቱ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። አባቴ በተወለዱበት በጎጃም ገጠር ለሠርግም ይተኮሳል፣ ለለቅሶም ይተኮሳል። ሽጉጥ ግን ከኮት ሥር ነው። ጠብመንጃ የያዘ ሰው ይታያል፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው ይጠረጠራል። በሽጉጥ ድኩላ አይታደንም፤ አዝመራ ከዝንጀሮ አይጠበቅም። በቅርብ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የጠጡት ሽጉጥ እንኳ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውዴን ስለተደረገው ደግነት ምስጋና ብላ የላከችው ስጦታ ነበር። የምስጋና ዕቃ ነው የንጉሡን ነፍስ የወሰደው።

ጥይት ደግሞ በዚህ አገር ገንዘብም ሆና ታውቃለች። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የጠብመንጃ ጥይት እየተቆጠረ በየገበያው ይሰጥበት፣ ይቀበሉበት ነበር። ንጉሡ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ካስመቱ በኋላም ልማዱ ቶሎ አልጠፋም። ይህን ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር። ጨው በጥይት የሚገዛበት ገበያ! ፈገግታዬ በማግሥቱ እናቴ ነገሩን እስክታጫውተን ድረስ ብቻ ቆየ።

የነገረችን እንዲህ ነው። አባቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፤ እኛ ፎቶግራፉን ብቻ እናውቃለን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ዘመኑን ለማያውቁ ልጆች ላስታውስ። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ወርውረው ሰበሩ። ከዚያ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ ከተማው ቤት ለቤት ታስሷል፤ የአያቴ ሽጉጥም የተረከበው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀይ ሽብር በይፋ ሆነ። ለየቀበሌው ጥበቃ መሣሪያ ተሰጠ፤ ከመሣሪያው ጋር የሰው ነፍስ አብሮ ተሰጠ። ጠዋት በር ሲከፈት በየመንገዱ ዳር ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ ይገኝ ነበር። ማልቀስ ክልክል ነበር። አጎቴን በ1970 ዓ.ም. በጥር ሌሊት ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን መሞቱ ተሰማ።

«አባትህ ሬሳውን ሊጠይቅ ሄደ» አለች እናቴ። «‘የጥይቱን ዋጋ ክፈልና ውሰድ’ አሉት። ቤት መጣ። የነበረንን ለቃቀምን፤ የጎደለውን የኔን የጆሮ ጉትቻ ሸጠን ሞላን። ከፈለና ወንድሙን በጋሪ አመጣ። ሳናለቅስ ቀበርነው። እኛ ዕድለኞች ነን እኮ፤ ሬሳ ያላገኘ ስንት ሰው አለ።»

የጥይት ዋጋ መክፈል በዚያ ዘመን በብዙ ቤት የደረሰ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በእኛም ቤት መድረሱን ግን አላውቅም ነበር። እስቲ አስቡት። በአያቶቻችን ዘመን ሰው ጥይት ከፍሎ እህል ይገዛ ነበር። በአባቶቻችን ዘመን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ጥይት ገዛ፤ ያውም አስቀድሞ በወንድሙ ደረት ውስጥ የገባውን።

«ያን ቀን ማታ» አለች እናቴ፣ «ጣሪያ ሥር ከተሰወረችበት ይቺን አወጣት። በአሰሳው ጊዜ ሳትታይ የቀረች ናት። ‘የነሱን ከፍያለሁ፤ ይቺ ደግሞ የኔ ናት’ አለኝ። እኔ ነፍሴ ወጣች። በዚያን ጊዜ ጥይት የተገኘበት ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ተልባ እንስራ ውስጥ ከተትኳት። እሷ ባለችበት እንስራ ተልባ ቀድቼ እናንተን አሳድጌያለሁ።»

ገንዘቡን የተቀበላቸው ሰው የሰፈራችን ልጅ ነበር። የተኮሰው እሱ ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። አባቴ ያዩት ገንዘቡን ሲቆጥር ነው። ከአገር ቤት የመጡ ዘመዶች ግን ማስረጃ አልፈለጉም። «ወንድምህን በገንዘብ ገዝተህ ቀበርከው፤ ደሙንስ ማን ይመልሰው?» አሏቸው። በእኛ ወግ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በድሮው ፍርድ ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ ሲፈልጉ እሱ በገደለበት ዓይነት ይገድሉታል፣ ሲፈልጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይተዉታል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ገዳይ ነበር። ሟች ከፍሎ አያውቅም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። የተበተነው ወታደር መሣሪያውን ለዳቦ ይሸጥ ነበር። «ያን ሰሞን አባታችሁ አይተኛም» አለች እናቴ። «ሽጉጥ እንደ ሽንኩርት ይሸጣል። ጥይቷ አለችው። እኔ ተልባው እንስራ ላይ ተቀምጬ አድራለሁ።» አልገዙም። ኋላ ሰውየው ታሰረ። አባቴም ለመርማሪዎች ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጠሩ። ዘመድ በሙሉ አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው፦ «ሲተኩስ አየሁ»። አባቴ ሄደው፣ «ገንዘቡን ተቀብሎኛል፤ ሲተኩስ አላየሁም» ብለው ፈረሙ። ሰውየው ሦስት ዓመት ያህል ታስሮ በቂ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ተፈታ። አጎቶቼ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለረጅም ጊዜ አልመጡም።

በዚያው ሰሞን ወደ ቤቴል መጣን። ቤቱን ስንሠራ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባቴ እዚሁ ሰፈር ሌላ እድር ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። የድሮውን ሰፈር እድር ሳይለቁ በወር በወሩ እሑድ ታክሲ ተሳፍረው፣ በጦር ኃይሎች አድርገው፣ መዋጮአቸውን ከፍለው ይመለሳሉ። እኛ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለን ነበር። ለካስ ሰውየው የዚያ እድር አባል ነው።

«ለምን አትወጣም? ዓይኑን ለምን ታየዋለህ? ስለው» አለች እናቴ፣ «ምን አለኝ መሰላችሁ? ‘ስሞት መጥቶ ይቅበረኝ’ አለኝ።»

መጥቷል። አሁን ሳስበው አስታወስኩት። ድንኳን ሲተከል ገመድ ሲስብ የነበረ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነበር። አረጀሁ ብሎ አልተቀመጠም። ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳኑ ጥግ አልጠፋም። እኔም እጁን ጨብጬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብየዋለሁ።

ወንድሜና እኔ የተጣላነው ከዚህ በኋላ ነው። ወንድሜ ጥይቷ አባታችንን አሳነሰችብኝ አለ። «ሰው ይቅር ካለ ይቅር ይላል። ጥይት በራስጌው እያኖረ አርባ ሰባት ዓመት መተኛት ምን የሚሉት ይቅርታ ነው? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት ይህ አይደለም ወይ?» አለኝ። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ እንጣላት ብሎ ተነሣ። እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የታየኝ። መግደል የማይችል ሰው አለመግደሉ ምንም አይደለም። አባቴ ግን ጥይቷ ነበረቻቸው፤ ሽጉጡም በአንድ ወቅት እንደ ሽንኩርት ተሸጧል። ያልተኮሱት መርጠው ነው።

ስንከራከር ሰነበትንና አንድ ነገር እየገባኝ መጣ። ሁለታችንም «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ያለቦታው ነበር የምንጠቀምበት። ይቅርታ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በድያለሁ ማለት አለበት፤ ሌላው ትቻለሁ ይላል። ያ ሰው በአርባ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በድያለሁ ብሎ አልመጣም። ታዲያ አባቴ ለማን ይቅር ይበሉ? ይቅርታ ባልተጠየቀበት ቦታ ለተበዳይ የሚቀረው መተው ብቻ ነው። መተው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ይበቃዋል፤ ቂሙም ሳይጠፋ ሊሆን ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ተረት እውነት ከሆነ፣ እርሳ ብሎ የተወጋን ማስገደድ ሁለተኛ መውጋት ነው። አባቴ አልረሱም። እንዳይረሱም ምልክት አስቀመጡ። ግን አልተኮሱም።

አንድ ጊዜም አይደለም ያልተኮሱት። ለመርማሪው አንድ የሐሰት ቃል ቢናገሩ ኖሮ ሰውየው በሕግ ያልቅለት ነበር፤ ማንም ነፍሰ ገዳይ አይላቸውም፤ ዘመድም ወንድ ነህ ይላቸው ነበር። እኔ ከብረቷ ጥይት ይልቅ ይህኛዋን መያዝ ይከብዳል እላለሁ። ድምፅ የላትም፣ ባሩድ አይሸትባትም። አባቴ ያዩትን ተናገሩ፤ ያላዩትን አልጨመሩም። ይህ ለገዳዩ የተደረገ ርኅራኄ አይመስለኝም። ለወንድማቸው ያደረጉት ይመስለኛል። ያለ ማስረጃ የተገደለ ልጅ ደም ያለ ማስረጃ በሌላ ደም እንዳይከፈል።

እዚህ ላይ ወንድሜ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ መልሱን እስከ ዛሬ በሙሉ አላገኘሁትም። «እሺ፣ ‘መጥቶ ይቅበረኝ’ ያለውስ? እሱ በቀል አይደለም?» አለ። ሊሆን ይችላል። ሬሳ በገንዘብ የሸጠ ሰው የሻጩንና የገዢውን ቤት ድንኳን በነፃ እንዲተክል፣ ገመድ እንዲስብ፣ አፈር እንዲመልስ ማድረግ ትንሽ ቅጣት አይደለም። አባቴ በወር በወሩ እሑድ ለዚያ ቀን ይከፍሉ የነበረ ይመስለኛል። ግን ልብ በሉ፤ ያው እድር እኮ ሰውየው ቀድሞ ቢሞት አባቴ ሄደው እንዲቀብሩት ያስገድዳቸው ነበር። ራሳቸውንም በዚያው ገመድ ነው ያሰሩት። እንዲህ ያለ በቀል ካለ፣ አገር የማያፈርስ በቀል እሱ ነው።

አገራችን በሕግ የምትችለውን አድርጋለች። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኮሎኔል መንግሥቱ በሌሉበት በታህሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ በጥር ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደባቸው። ታስረው ለነበሩት ባለሥልጣናት በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አለላቸው፤ ብዙዎቹም ወጡ። መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሟቾቹን ፎቶግራፍና አፅም ይዞ ቆሟል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት የደረሰው የትልቁ ነው። ከዚያ በታች፣ በአንድ መንደር፣ በአንድ እድር፣ የከፈለና የተቀበለ ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ የሚበሉበት ሌላ ችሎት አለ። ለዚያ ዳኛ የለውም። ያን ችሎት እንደ አባቴ ያሉ ሰዎች ዝም ብለው ተሸክመውት ኖሩ። ሁሉም ጥይቱን ቢመልስ ኖሮ ዛሬ ስንት ሰፈር በቆመ?

የኋላ ኋላ እናቴ ፈረደችን። «እኔ ጠግቤአታለሁ፤ ውሰዱልኝ» አለች። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ ክልክል ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ መጣልም ለልጆች አያምንም። ቋጠሮውን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተረኛው ፖሊስ ወጣት ነው፤ ልጄ ቢሆን የሚደርስ። አገላብጦ አያት።

«ሽጉጡስ አባቴ?» አለኝ።

«የለም።»

«ታዲያ ይቺ ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

መልስ አልነበረኝም። «የሟች አባቴ ናት» አልኩት። አንድ ፍሬ የሽጉጥ ጥይት ብሎ መዘገበና አስፈረመኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። እናቴን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችውና፣ «ያኔ እንኳ ደረሰኝ አልሰጡንም» አለች።

ጥይቷን አልወረስኩም። እድሩን ግን ወርሻለሁ። በአባቴ ቦታ በስሜ አዙሬዋለሁ። ወንድሜ በስልክ ዕብድ ነህ ብሎኛል። በመጪው እሑድ ከቤቴል ታክሲ ተሳፍሬ መዋጮዬን ልከፍል እሄዳለሁ። ሰውየው አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል ይላሉ። አንድ ቀን ጡሩምባ ይነፋና እቀብረዋለሁ። ከዚያ በፊት መጥቶ አንዲት ቃል ቢነግረኝ ደስ ይለኛል፤ ጎትጉቼ ግን አላስወጣትም። ባይናገርም ቀብሩ ላይ አለሁ። አላለቅስለትም፤ አባቴም ይህን አይጠብቁብኝም። አካፋ ሲሰጠኝ ግን እቀበላለሁ።